አንድ ሚሊዮን ዶላር የተንጠለጠለባት ቅዳሜ፦ የሚዙሪ ተጫዋቾች አድማ

ጆናታን በትለር እህል ካቆመ ስድስተኛ ቀኑን ይዟል። የጀመረው ሰኞ ኖቬምበር 2 ቀን 2015 ነው (ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው)፣ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ተማሪ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ሲስተም ፕሬዝዳንት ቲም ዎልፍ ካልወረደ አልበላም፣ ከሞትኩም እሞታለሁ ብሎ ነው የገባበት። ጓደኞቹ ካምፓሱ መሀል ሳሩ ላይ ድንኳን ተክለው አብረውት ያድራሉ። ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስ አለፈ፣ አርብ ዕለት ዎልፍ የይቅርታ መግለጫ አወጣ፣ ከወንበሩ ግን አልተነቃነቀም። ከዛ ቅዳሜ ማታ ትዊተር ላይ አንድ ፎቶ ተለጠፈ፣ ሰላሳ ምናምን ጥቁር የፉትቦል (የአሜሪካኑ፣ በእጅ የሚያዘው) ተጫዋቾች ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው በትለርን ይዘው ቆመዋል፣ ከስሩ ደሞ ዎልፍ ራሱ እስኪለቅ ወይ እስኪነሳ ድረስ ምንም አይነት ከፉትቦል ጋር የተያያዘ ነገር ውስጥ አንሳተፍም ይላል። ሰኞ ረፋድ ላይ ዎልፍ ለቀቀ። ከፎቶዋ እስከ መልቀቂያው አርባ ሰዓት እንኳን አይሞላም።

እኔ ይሄን ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩበት አላውቅም። የአንድ ሰው ረሃብ በስድስት ቀን ያላንቀሳቀሰውን ነገር የአንድ ቡድን ልምምድ መቅረት በአንድ ቀን ተኩል አንቀሳቀሰው፣ ይሄ ያሳዝናል፣ ሲያዩት ያናድዳልም፣ ግን ጉልበቱ ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ፈታተን ማየት ይቻላል። ጉዳዩ ሲወራ ግን ሁሌ "ተጫዋቾች ፕሬዝዳንት አወረዱ" ተብሎ እዛው ላይ ነው የሚቆመው። ማውረዱንስ አወረዱ። በዛ ሁሉ ጉልበት ግን ያገኙት የአንድ ሰው መሄድ ነው፣ የሚቀመጡበት ጠረጴዛ አላገኙም፣ አልጠየቁምም፣ እና የኮሌጅ ተጫዋቾች የመደራደር አቅም ሲባል እስከዛሬ የጎደለው ነገር እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን እዛ ድረስ እንዴት ተደረሰ? የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ካምፓስ ኮሎምቢያ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው፣ ከፈርጉሰን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ፈርጉሰን ማለት ማይክል ብራውን ኦገስት 2014 በፖሊስ ተተኩሶበት የሞተባት ናት፣ ከዛ ካምፓስ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ሄደው እዛ ሰልፍ ወጥተዋል፣ በትለርም አንዱ ነው። ሲመለሱ ያው ያንን ስሜት ይዘው ነው የተመለሱት። 2015 ሴፕቴምበር ላይ የተማሪዎቹ ማህበር ፕሬዝዳንት ፔይተን ሄድ መንገድ ላይ ሲሄድ ፒክአፕ ላይ የተጫኑ ልጆች በዘሩ ሰደቡት፣ ፌስቡክ ላይ ጻፈው፣ በጣም ተዳረሰ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ደሞ ለሆምካሚንግ በዓል ትርኢት ሲለማመዱ የነበሩ የጥቁር ተማሪዎች ማህበር አባላትን አንድ የሰከረ ሰው መጥቶ ያንኑ ቃል ሰደባቸው። በዚህ ሁሉ ላይ ኦገስት ውስጥ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች የጤና ኢንሹራንስ ድጎማ በአንድ ቀን ማስታወቂያ ተቆርጦ ጩኸት ሲበዛ ተመልሷል፣ ስለዚህ ግቢው የተቆጣው በአንድ ነገር ብቻ አልነበረም፣ ይሄን ያዙልኝ በኋላ ይጠቅመናል።

ኦክቶበር 10 የሆምካሚንግ ሰልፍ ነበር። ሆምካሚንግ ማለት ድሮ የተማሩት ሁሉ የሚመለሱበት፣ ቤተሰብ ህጻናቱን ይዞ መንገድ ዳር የሚቆምበት፣ የግቢው ትልቁ በዓል ማለት ነው። ዎልፍ ክፍት መኪና ላይ ተቀምጦ ያልፋል። አስራ አንድ ጥቁር ተማሪዎች ወጡና መኪናው ፊት ተደርድረው መንገዱን ዘጉ። ኮንሰርንድ ስቱደንት 1950 ነው ራሳቸውን የሚጠሩት፣ 1950 ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ጥቁር ተማሪ የተቀበለበት አመት ነው። አንድ በአንድ ማይክ እየተቀባበሉ የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ ከባርነት ዘመን ጀምሮ መናገር ጀመሩ። ዎልፍ መኪናው ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አልወረደም፣ መልስም አልሰጠም። ሾፌሩ ሞተሩን አጓራ፣ መኪናው ወደፊት ሲል በትለርን ነካው። መንገድ ዳር የነበሩ ሰዎች ደሞ የተማሪዎቹን ድምጽ ለመዋጥ የዩኒቨርሲቲውን መፈክር መጮህ ጀመሩ። ቪዲዮው አለ። ያንን ቪዲዮ አይቶ ሰውየው ለምን አንድ ጊዜ በሩን ከፍቶ አልወረደም የማይል ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ሁለት ደቂቃ ወርዶ ቢያናግራቸው ኖሮ ምናልባት ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ ባልመጣ ነበር። ራሱም በኋላ ባወጣው ይቅርታ ከመኪናው ባለመውረዱ ተጸጽቷል።

ኦክቶበር 20 ላይ ተማሪዎቹ ስምንት ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ አወጡ። ዎልፍ በእጁ ጽፎ ይቅርታ እንዲጠይቅና እንዲነሳ፣ የጥቁር መምህራን ቁጥር በ2017 የትምህርት ዘመን ከመቶ 10 እንዲደርስ፣ የስነ ልቦና አገልግሎቱ እንዲጠናከር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ በሰገራ የናዚ ምልክት ተስሎ ተገኘ። ከዛ ነው በትለር እህል ያቆመው።

እንግዲህ ወደ ቡድኑ እንምጣ። ሚዙሪ በ2012 ኤስኢሲ የሚባለው ትልቁ የደቡብ ሊግ ውስጥ ገባ፣ በ2013 እና በ2014 የምስራቁን ምድብ ሁለት አመት ተከታትሎ አሸነፈ፣ ሊጉ በዛን ሰሞን ለያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በአመት ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር የሚያካፍለው፣ አብዛኛው ከቴሌቪዥን የሚመጣ። የአሰልጣኙ የጋሪ ፒንክል ደሞዝ በአመት 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ አራት ካምፓስ የሚያስተዳድረው የፕሬዝዳንቱ ግን ግማሽ ሚሊዮን እንኳን አይሞላም። ማን ማንን መነቅነቅ እንደሚችል ከደሞዙ ይታያል። ከመላው ተማሪ ጥቁሩ ከመቶ 8 አካባቢ ሲሆን ከስኮላርሺፕ ተጫዋቾቹ ግን ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበሩ። ክፍል ውስጥ ብቻውን ቁጭ የሚለው ልጅ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ሲወጣ ሰባ ሺ ሰው ስሙን ይጠራል፣ ከዛ እሁድ ጎዳና ላይ ሲሄድ ከመኪና ይሰደባል። ተጫዋቾቹ ለምን ተነሱ ለሚለው ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ጄሞን ሙር የሚባለው ኳስ ተቀባይ ነው መጀመሪያ ድንኳኑ ጋ ሄዶ በትለርን አግኝቶ ነገሩን ወደ ጓደኞቹ ያመጣው። ጊዜውን ደሞ እዩት፣ ሐሙስ ኖቬምበር 5 ማታ ከሚሲሲፒ ስቴት ጋር ተጫውተው 31 ለ 13 ተሸንፈዋል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጨዋታ የላቸውም፣ ቀጣዩ ቅዳሜ ኖቬምበር 14 ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው፣ ያውም ግቢያቸው ሳይሆን ካንሳስ ሲቲ በትልቁ አሮሄድ ስታዲየም። ሙሉ ሳምንት አላቸው። ልምምድ በቀረ ቁጥር ጨዋታው ይደረጋል አይደረግም የሚለው ጥያቄ ይከራል፣ ቴሌቪዥኑ ይጠይቃል፣ ትኬት የገዛው ይጠይቃል። አንቶኒ ሸሪልስ የሚባለው ተከላካይ ፎቶዋን ለጠፈ።

ውሉ ላይ ምን ነበር? ሚዙሪ ጨዋታውን ከሰረዘ ለብሪገም ያንግ 1 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። ጋዜጠኞቹ ይሄን በአንድ ቀን ውስጥ አውጥተው አተሙት። እንግዲህ ይሄን ቁጥር በትለር ካለበት ድንኳን አጠገብ አድርጋችሁ አስቡት። የልጁ ህይወት ለአስተዳደሩ ዋጋ አልነበረውም እያልኩ አይደለም፣ ዶክተር ምናምን እየተከታተለው ነበር፣ የሚጨነቁም ነበሩ። ግን ረሃብ ቀን የለውም፣ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፣ ቦርድ ደሞ ቀን ያልተቆረጠለትን ነገር ነገ እናየዋለን ነው የሚለው። ጨዋታው ግን ቀን ነበረው፣ ሰዓት ነበረው፣ በዶላር የተጻፈ ቅጣት ነበረው። ብረት እንደጋለ ነው ይባል የለ፣ ልጆቹ የጋለበትን ሰዓት አግኝተውታል፣ አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት።

ሁለተኛው ነገር አሰልጣኙ ነው። እሁድ ዕለት ፒንክል ጥቁርም ነጭም ያለበት የመላ ቡድኑን ፎቶ ለጥፎ የሚዙሪ ቤተሰብ አንድ ሆኖ ቆሟል፣ ከተጫዋቾቻችን ጎን ነን ብሎ ጻፈ። ልምምድም ተሰረዘ። ይሄ ነገር ቀላል አይደለም፣ አሰልጣኙ ሌላ ቢል ኖሮ ሰላሳዎቹ በአንድ ሌሊት ስኮላርሺፓቸው ላይ ቁማር የተጫወቱ ልጆች ነበር የሚሆኑት። በኤንሲኤኤ ህግ (የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው አካል ነው) ተጫዋች በራሱ ፈቃድ ከስፖርቱ ከወጣ ስኮላርሺፑን መንጠቅ ይቻላል፣ በዛው በ2015 መጀመሪያ ትልልቆቹ ሊጎች በጨዋታ ብቃት ምክንያት ስኮላርሺፕ አይነጠቅም ብለው ቢወስኑም አልጫወትም ላለ ልጅ ግን ያ አያድነውም። ስለዚህ ልጆቹ ሲነሱ ቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱን በሙሉ ይዘው ነው የተነሱት። እና አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን ኖሮ አሰልጣኙ ጸጥ አድርጎ በተጠባባቂ ይተካቸው ነበር፣ ሰላሳ ሲሆኑ ግን የሚተካቸው የለም፣ በሙሉ ብታባርር ቀጣዩ አመት ወጣት ለመመልመል የትኛው ጥቁር እናት ቤት ገብተህ ሻይ ትጠጣለህ? ፒንክል ይሄን በደንብ ያውቀዋል፣ ከልቡም ይወዳቸው ነበር ብዬ አምናለሁ፣ ሁለቱ አይጋጩም።

ቡድኑ ሁሉ ግን አንድ ልብ አልነበረም። አንድ ተጫዋች ስሙ እንዳይጠቀስ ብሎ ለስፖርት ቴሌቪዥኑ ኢኤስፒኤን ግማሹ ቡድን፣ ጥቁርም ነጭም፣ ተናዷል፣ ዘጠኙንም ጨዋታ አሸንፈን ቢሆን ኖሮ ይሄ ነገር አይፈጠርም ነበር ብሎ ተናግሯል። ቡድኑ ያኔ አራት አሸንፎ አምስት ተሸንፏል፣ አራቱን በተከታታይ። እኔ ይሄን አስተያየት ብዙዎች እንደሚያደርጉት ልጆቹን ለማሳነስ አልጠቀምበትም፣ ግን እውነትነት አለው፣ ለዋንጫ የሚሄድ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ የሚያጣው ብዙ ነው፣ ወቅቱ ለተበላሸበት ቡድን መቆም ይቀለዋል። ጉልበቱም በዛው ልክ ነው የሚለካው፣ ለዋንጫ የሚሄድ ቡድን ቢያድም ደሞ የሚያስፈራው እጥፍ ነው።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት አሁን ይመጣል። ሁሉንም ለተጫዋቾቹ መስጠት ልክ አይደለም። ሰኞ ዕለት ዘጠኝ ዲኖች የዋናው ካምፓስ ሃላፊ (ቻንስለር) ቦወን ሎፍቲን ይነሳልን ብለው ጽፈዋል፣ መምህራን ክፍል ለቀን እንወጣለን ብለው ነበር፣ የድህረ ምረቃ ተማሪዎቹ በኢንሹራንሱ ቂም ይዘዋል፣ የስቴቱ ፖለቲከኞችም ዎልፍ ይውረድ ማለት ጀምረዋል። ሎፍቲንም በዛው ሰኞ ከቻንስለርነት እንደሚወርድ ተነገረ። እንግዲህ እንጨቱ ደርቆ ተከምሮ ነበር፣ ተጫዋቾቹ ናቸው ክብሪቱን የጫሩት። ዎልፍ ራሱ ከወራት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ የቡድኑን ስራ ትንሽ እሳት ላይ ቤንዚን እንደመጨመር ነው የገለጸው። እሳቱ ትንሽ ነበር በሚለው አልስማማም እንጂ ቤንዚኑስ ልክ ነው።

ህጉን ደሞ እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከዛ አድማ ሶስት ወር ሳይሞላው በፊት፣ ኦገስት 2015፣ የፌዴራሉ የሰራተኛ ጉዳይ ቦርድ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ጉዳይ ዘግቶ ነበር። እነ ኬይን ኮልተር በ2014 መጀመሪያ ሰራተኛ ነን፣ ዩኒየን እናቋቁም ብለው አመለከቱ፣ የቺካጎው የቦርዱ ዳይሬክተር አዎ ሰራተኛ ናችሁ አላቸው፣ ኤፕሪል ላይ ድምጽ ሰጡ፣ ዋናው ቦርድ ግን ከአመት በላይ ቆይቶ ሰራተኛ ናቸው አይደሉም የሚለውን ሳይወስን እኛ እዚህ ውስጥ አንገባም ብሎ ተወው፣ የድምጹ ካርድ እንደታሸገ ሳይቆጠር ቀረ። ያም የግል ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ነው እዛ ድረስ የሄደው። ሚዙሪ የመንግስት ነው፣ የፌዴራሉ ህግ መጀመሪያውኑ አይነካውም፣ በሚዙሪ ስቴት ደሞ የመንግስት ሰራተኛ ስራ የማቆም መብት የለውም። አስቡት እስቲ፣ ልጆቹ ሰራተኛ ተብለው ቢሆን ኖሮ ያ ቅዳሜ ህገወጥ የስራ ማቆም አድማ ይባል ነበር። ሰራተኛ አይደላችሁም፣ ተማሪ ናችሁ ተብሎ ስንት አመት ክፍያ የተከለከሉበት ያው ስም የዛን ዕለት ጋሻ ሆናቸው፣ ተማሪ ክለቡን ትቶ መቀመጥ ይችላል፣ ማንም ፍርድ ቤት አያቆመውም።

እንደዚህ ሁሌ በደህና አይወጣም ግን። ኦክቶበር 1969 ዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስራ አራት ጥቁር ተጫዋቾች ከዚሁ ከብሪገም ያንግ ጋር ሊጫወቱ ሲሉ፣ ያ ዩኒቨርሲቲ የሞርሞን ቤተክርስቲያን ነው፣ ቤተክርስቲያኗ ያኔ ጥቁሮችን ለክህነት አትቀበልም ነበር፣ እነሱም ክንዳችን ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረን እንጫወት ወይ ብለው ለመጠየቅ ወደ አሰልጣኙ ሎይድ ኢተን ሄዱ። አድማ እንኳን አልጠሩም፣ ለመጠየቅ ነው የሄዱት! አስራ አራቱንም እዛው በቆሙበት አባረራቸው። ቡድኑ እስከዛ ቀን አንድም አልተሸነፈም ነበር፣ ያንን ጨዋታ አሸነፈ፣ ከዛ የመጨረሻዎቹን አራት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ፣ በቀጣዩ አመት አንድ ብቻ አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ፣ ኢተንም ሄደ። ልጆቹ ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም፣ ዩኒቨርሲቲው ይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው በ2019 ነው፣ ሃምሳ አመት ሲሞላ። በ1969 አሰልጣኙ ንጉስ ነበር፣ በ2015 ደሞ አሰልጣኙ የልጆቹ እናቶች ቤት የሚመላለስ፣ ምልመላ ካቆመ የሚሞት ሰው ሆኗል፣ ልዩነቱ ህጉ ውስጥ የለም፣ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

ሌላው ግራምብሊንግ ነው። ሉዊዚያና ያለ ታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ኦክቶበር 2013 ተጫዋቾቹ ወደ ጃክሰን ስቴት የሚወስደው አውቶቡስ ላይ አንወጣም አሉ፣ ጨዋታው በፎርፌ ተበላ። የእነሱ ጥያቄ ስለ ራሳቸው ኑሮ ነው፣ የልብስ መቀየሪያው ሻጋታ፣ እስከ ኢንዲያናፖሊስ ድረስ በአውቶቡስ የተሄደበት ረጅም መንገድ፣ የአሰልጣኙ የዳግ ዊሊያምስ መባረር። ዩኒቨርሲቲው ተቀጣ፣ ጃክሰን ስቴትም ሆምካሚንጌን አከሰራችሁኝ፣ እከሳለሁ አለ። እዛ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገንዘብ የለውም፣ ስቴቱ በጀቱን አመት ባመት ሲቆርጥበት ኖሯል። አድማው ጉልበት የሚኖረው ማዶ ያለው ሰው መስጠት የሚችለው ነገር ካለው ነው። የግራምብሊንግ ልጆች ልክ ነበሩ፣ ከሚዙሪዎቹ ባልተናነሰ ደፋር ነበሩ፣ የሚይዙት ኪስ ግን ባዶ ነበር።

ወደ ሚዙሪ ልመለስ። ሰኞ በትለር እህል ቀመሰ፣ ማክሰኞ ልምምድ ተጀመረ፣ አርብ ፒንክል ሊምፎማ የሚባል ካንሰር እንዳለበት ገልጾ በወቅቱ መጨረሻ እንደሚለቅ ተናገረ (በሽታው የታወቀው ሜይ ላይ ነበር፣ ያንን ሳምንት በሙሉ ይዞት ነው የሰራው)፣ ቅዳሜ ብሪገም ያንግን 20 ለ 16 አሸነፉ። አንድ ሚሊዮኑ አልተከፈለም። ማይክል ሚድልተን ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት ሆነ፣ በዛ ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎቹን ማህበር በ1968 ከመሰረቱት አንዱ ነው፣ ይሄ ልብ ይነካል። የብዝሃነት ሃላፊዎች ተሾሙ፣ ስልጠና ተጀመረ። ጥቁር መምህራንን ከመቶ 10 ማድረስ ግን በተባለው ጊዜ አልተሳካም።

የመልስ ምት ደሞ መጣ። ዲሴምበር ላይ ሪክ ብራቲን የሚባል የስቴቱ ምክር ቤት አባል ከጤና ውጪ በሆነ ምክንያት አልጫወትም ያለ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ስኮላርሺፑን ይነጠቅ፣ የደገፉት አሰልጣኞች ይቀጡ የሚል ረቂቅ ህግ አቀረበ። በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ መልሶ አነሳው። ረቂቁን ሳነበው የታየኝ አንድ ነገር አለ፣ አሰልጣኙንም ይቀጣ ማለቱ። ሰውየው ጉልበቱ የት እንደነበረ ከብዙ ተንታኝ በላይ ገብቶታል። ከዛ የተማሪ ቁጥር ወረደ፣ በ2017 የገባው አዲስ ተማሪ ከሁለት አመት በፊቱ በ35 ከመቶ ገደማ ያነሰ ነበር፣ ማደሪያ ህንጻዎች ተዘጉ፣ 400 ገደማ የስራ መደብ ተቆረጠ። ነጩም ቤተሰብ ሸሸ፣ ጥቁሩም ሸሸ፣ አንዱ ረብሻ ነው ብሎ ሌላው ዘረኝነት ነው ብሎ። አንዳንዱ ይሄን ሁሉ በተጫዋቾቹ ላይ ይጭናል፣ እኔ ግን መኪናው ውስጥ የነበሩት እነሱ አይደሉም እላለሁ።

እና ምን ጎደለ? ጥያቄው ውስጥ ስለ ተጫዋቾቹ አንድም ነገር አልነበረም። ስለ ጉዳት ህክምና፣ ስለ ልምምድ ሰዓት፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ገንዘብ አንድ መስመር የለም። ለሌላ ሰው ህይወት ነው የቆሙት፣ ያም ነው ያስከበራቸው፣ ስለራሳቸው ገንዘብ ቢያነሱ ኖሮ ህዝቡ ስስታም ብሎ በአንድ ቀን ይጥላቸው ነበር። ግን ከዛ ቅዳሜ በኋላ ሰላሳዎቹን የሚወክል፣ በቀጣዩ አመት ተመልሶ ቃላችሁ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አካል አልቀረም። ተጫዋች ሶስት አራት አመት ይቆያል ይሄዳል። አምበሉ ኢያን ሳይመን መግለጫውን ካነበቡት አንዱ ነው፣ የመጨረሻ አመቱ ነበር፣ ሌላው ተጫዋች ቻርልስ ሃሪስ በ2017 ወደ ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) በመጀመሪያው የምርጫ ዙር ሄደ። ዩኒቨርሲቲው ግን እዛው ነው፣ ቦርዱም እዛው ነው፣ ማስታወስ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

2020 ላይ ይሄው ነገር እንደገና ታየ። ጁን ላይ የሚሲሲፒ ስቴቱ ካይሊን ሂል ባንዲራውን ቀይሩ ወይ ይሄን ስቴት አልወክልም ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ፣ ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጉት የደቡብ ስቴቶች (የኮንፌደሬሽን) ምልክት ያለበት ባንዲራ ነው፣ በስምንት ቀን ውስጥ ገዢው ማስቀየሪያውን ህግ ፈረመ (ሊጉና ኤንሲኤኤም ከጎን ገፍተው ነበር)። አንድ ጥያቄ፣ አዎ ወይ አይ የሚባል፣ ልክ እንደ ዎልፍ ይውረድ። በዛው ኦገስት የፓክ 12 ሊግ ተጫዋቾች ደሞ ረጅም ዝርዝር ይዘው መጡ፣ የኮቪድ ጥበቃ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የገቢውን 50 ከመቶ፣ ካልሆነ አንጫወትም አሉ። ሊጉ አነጋገራቸው፣ ከዛ ወቅቱን ራሱ በኮቪድ ምክንያት ሲያራዝመው የሚያስፈራሩበት ቅዳሜ ጠፋ፣ ነገሩም ተነነ። ጨዋታ ከሌለ አድማ የለም።

ገንዘቡ ከዛ በፍርድ ቤት በኩል ነው የመጣው። 2021 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአልስተን ጉዳይ 9 ለ 0 ኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ፣ በዛው ጁላይ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ እንዲያገኙ ተፈቀደ፣ ጁን 2025 ላይ ደሞ ሃውስ የሚባለው ስምምነት ጸድቆ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ፣ በመጀመሪያው አመት (2025-26) እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቻቸው ማካፈል ቻሉ። በነገራችን ላይ ከኢትዮጵያ በሩጫ ስኮላርሺፕ ኤፍ ዋን የተማሪ ቪዛ ይዘው የሚመጡ ልጆች አብዛኛው ይሄ ገንዘብ አይደርሳቸውም፣ ቪዛው የስራ ገደብ ስላለበት፣ ፊርማ ከማስቀመጣቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግሩ፣ እባካችሁ ለምታውቋቸው ንገሯቸው።

ያ 20.5 ሚሊዮን የተወሰነው ግን ጠበቆችና ዩኒቨርሲቲዎች ተቀምጠው ነው፣ በተጫዋቾች የተመረጠ ተወካይ እዛ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ልጆቹ አንድ በአንድ ነው የሚፈርሙት፣ እያንዳንዱ ከጠበቃው ወይ ከኤጀንቱ ጋር፣ አጠገቡ ያለው ስንት እንደሚያገኝ እንኳን ሳያውቅ። አሁን ድንኳን ቢተከልና ሰላሳ ልጅ ክንድ ለክንድ ተቆላልፎ ቅዳሜ አንጫወትም ቢል እያንዳንዱ መጀመሪያ ቤቱ ገብቶ ውሉን ማንበብ አለበት፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ውሎች ላይ ግዴታህን ካልተወጣህ የወሰድከውን ትመልሳለህ የሚል አንቀጽ አለ። በ2015 ጨዋታው ቢቀር አንድ ሚሊዮኑን የሚከፍለው ዩኒቨርሲቲው ነበር።